ባለ ጨርቅ የስልክ ገመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ቡፌው ላይ ቁጥሩ በጣት የሚዞር ጥቁር ስልክ ያስቀመጠ ቤት ዛሬም አይጠፋም። ስልኩ ራሱ ባኬላይት (የዱሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ስለሆነ ካልወደቀ ብዙም አይሆንም። ጣጣው ገመዱ ነው። ወይ ተልጦ አልቋል፣ ወይ በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ወይ አንዱ ቆርጦ የካውያ ገመድ ገጥሞበታል። ስለዚህ ሰው የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ ገበያ ላይ ጨርቅ የለበሰ ገመድ አገኘሁ። የስልክ መሆኑን በምን ልወቅ?

ጨርቁን እርሳው። ጫፉን እይ። ዱሮ ጨርቅ ያልለበሰ የኤሌክትሪክ ገመድ የት ነበር? የካውያው፣ የመብራቱ፣ የሬዲዮው፣ የምድጃው ገመድ ሁሉ ጨርቅ ነበረው። ቡናማ ስለሆነ ብቻ «የስልክ ነው» ያለህን ሻጭ እየሳቅክ እለፈው።

የስልክ ገመድ ጫፉ ላይ ሽቦዎቹ በየፊናቸው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ቀለም አለው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽ ብረት ተቆንጥጦበታል። ብረቱ ወይ እንደ ሹካ ሁለት ጥርስ ያለው ነው፣ ወይ ቀለበት፣ ወይ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ። በብሎን ለመታሰር የተሠራ ነው። የሽቦዎቹ ርዝመት እኩል ካልሆነ ደግሞ ደስ ይበልህ፤ ፋብሪካው እያንዳንዱን ሽቦ በሚሄድበት ብሎን ልክ ስለሚቆርጠው ነው። ሌላም ምልክት አለ። ከሽቦዎቹ ጎን አጭር ሲባጎ ወይም ትንሽ የብረት ቆልማማ ካየህ ያ መወጠሪያ ነው። ገመዱ ሲጎተት ጉልበቱን እሱ ይሸከማል፣ ሽቦዎቹ አይነኩም። መብራት ገመድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አታገኝም።

የካውያ ገመድ ወፍራም ነው። ውስጡ ሁለት ሽቦ፣ አንዳንዴ ሦስት፤ እያንዳንዱ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አብረው የተጠማዘዙበት። ከጨርቁ ሥር ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ የሚመስል ለስላሳ ነገር ካየህ እዚያው ተወው። የዱሮ ካውያና ምድጃ ገመድ ሙቀት እንዲችል አስቤስቶስ ይደረግበት ነበር፣ ብናኙ ደግሞ ለሳንባ ጠንቅ ነው። አትንጨው፣ አትንፋው፣ ላስቲክ ውስጥ ቋጥረህ አስቀምጠው።

ውስጡ ሽቦ የለውም፤ ክር ብቻ ነው ያለው። ተታልያለሁ?

አልተታለልክም፤ እንዲያውም ትክክለኛው እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የስልክ እጀታ በቀን ስንት ጊዜ ይነሳል፣ ይጠማዘዛል፣ ይጎተታል። ተራ የመዳብ ሽቦ ይህን አይችልም፤ ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ የስልክ ገመድ ሠሪዎች በጣም ስስ የመዳብ ጥብጣብ በጥጥ ወይም በሐር ክር ላይ ጠመጠሙ። ካህናት የሚለብሱት ካባ ላይ ያለውን የወርቀዘቦ ክር በቅርብ አይተህ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ ውስጡ ክር፣ ላዩ ብረት። እንዲህ ያሉ ብዙ ክሮች አንድ ላይ ተደርገው አንድ «ሽቦ» ይሆናሉ። ስሙ ቲንሰል ነው። እሱ በጎማ ወይም በጥጥ ክር ይለበጣል፣ ከዚያ ሦስቱ ወይም አራቱ ተጣምረው ትልቁን ጨርቅ ይለብሳሉ።

በጥፍርህ ጫፏን ብትፈትላት የሚያብለጨልጭ ጥብጣብ ተፈትቶ ክሩ ብቻ ይቀራል። አንድ ክር ላይ ብቻ ሞክር። ሁሉንም ከፈታኸው መልሰህ አትጠመጥመውም።

ሽቦዎቹን መቁጠር ይጠቅማል?

በጣም። ሁለት ከሆነ ጆሮ ላይ የሚያዘው ለብቻው፣ አፍ የሚነገርበት ለብቻው ከሆነበት የጥንት ስልክ የመጣ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ሊሆን ይችላል። ሦስት ከሆነ ባለ እጀታ ስልክ ነው፤ ማዳመጫውና መናገሪያው አንዱን ሽቦ ይጋሩታል። አራት ከሆነ ሁለቱም የየራሳቸው ጥንድ አላቸው ማለት ነው።

ግን ከግድግዳ ወደ ስልኩ የሚመጣውም ገመድ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሽቦ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አያስማማም። የእጀታው ገመድ ይበልጥ ለስላሳ ነው፤ ጫፎቹም ጠባብ ቀዳዳ አልፈው እጀታው ውስጥ ስለሚገቡ ብረቶቹ ትንንሽ ናቸው። የግድግዳው ገመድ በአንድ ጫፉ ሰፋ ያለ ሹካ ይኖረዋል፤ ግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሳጥን ብሎን ጋር የሚታሰረው በሱ ነው።

የሽቦዎቹ ቀለምስ ስለ አገሩ ይናገራል?

ፍንጭ ይሰጣል። ዌስተርን ኤሌክትሪክ 302 በተባለው አሜሪካ ሠራሽ ስልክ ላይ ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ነው። የእጀታው ደግሞ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት (ዱሮ እዚያ የስልክ አገልግሎትም የሱ ነበር) ስልኮች ላይ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ታያለህ። ችግሩ ቀለሙ ከጊዜ ጋር መጥፋቱ ነው። ነጩ ቢጫ ይመስላል፣ አረንጓዴው ቡናማ፣ ቀዩ ደግሞ የደረቀ ደም። ጨርቁን ገለጥ አድርገህ ብርሃን ያልነካው ቦታ ላይ እይ፤ ትክክለኛው ቀለም እዚያ ተደብቋል።

የላዩ ጨርቅ ቀለምስ ዕድሜውን ያሳያል?

እምብዛም። ጥቁር ስልክ ቡናማ ገመድ ማድረጉ የተለመደ ነው፤ የእንግሊዞቹም፣ የአሜሪካኖቹም እንደዚያ ነበሩ። ጥቁር ጨርቅም አለ። አረንጓዴ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ቀደም ያሉ ስልኮች ላይ ይታያል። ባለ ቀለም ስልክ፣ ማለትም የዝሆን ጥርስ መልክ ወይም ቀይ ከሆነ፣ ገመዱም ከሱ ጋር እንዲመሳሰል ይደረግ ነበር። በቀለም ብቻ ተነስቶ «ይህ የ1930ዎቹ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመህ አድምጠው፣ ዋጋ ላይ ግን አትስማማ።

እዚህ አገር አንድ ተጨማሪ ተንኮል አለ። የነጣ ጨርቅ በሊስትሮ ቀለም ይታደሳል። ከሩቅ ያምራል። ነጭ ሶፍት አርጥበህ ጠቅልለህ ሳብ ብታደርገው ቡናማው ሶፍቱ ላይ ይቀራል። በሙያ የተነከረ ጥጥ ትንሽ ቆሻሻ ብቻ ነው የሚለቀው። ሽታውም ይነግርሃል።

ጥጥ ይሁን ሐር ይሁን ናይለን እንዴት ልለይ?

ከተበላው ጫፍ አንድ ክር ብቻ ምዘዝ። ከገመዱ አርቀህ በፒንሳ ይዘህ ለኩሰው። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ብን ይላል። ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ በጣት ስትፈጨው የሚደቅ ጥቁር እንክብል ይተዋል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ሐር የሚመስል ግን ወረቀት የሚሸት ካጋጠመህ ሬዮን፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ሐር ነው፤ እሱም የዱሮ ነው። ገመዱን እንዳለ እሳት አጠገብ እንዳታቀርበው፤ ሰም የተነከረ ጨርቅ ቀልድ አያውቅም።

ናይለን ከሆነ ግን ጠርጥር፤ ገመዱ አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በኋላ ጨርቁ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ተሠርቶ የዱሮ ተብሎ ይሸጣል ይባላል። እውነት ነው?

አዲስ ባለ ጨርቅ ገመድ ፈረንጅ አገር ይሠራል፣ በግልጽም ይሸጣል፤ ነውር የለበትም። ነውሩ የዱሮ ነው ብሎ መሸጥ ነው። አዲሱን ስታጥፈው ውስጡ ፕላስቲክ መሆኑ በጣትህ ይታወቅሃል፣ ወዲያው ተመልሶ ቀጥ ይላል። የዱሮው ይለዝባል፤ እንደጣልከው ይተኛል። አዲሱ ላይ ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ያብረቀርቃል። የዱሮው ግን እጀታው ሥር ይሳሳል፣ ሰው የሚይዘው ቦታ ላይ ይጠቁራል፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር የሚታሸው ቦታ ፀጉር ያወጣል። አንዳንዱ የዱሮ ገመድ የፋብሪካ ቁጥር የታተመባት የብረት ቀለበት ወይም የጨርቅ መለያ ይኖረዋል። እሷን ካገኘህ እንዳትነቅላት፤ ከገመዱ የበለጠ የምትናገረው እሷ ናት።

«የጣልያን ጊዜ ነው» እያሉ ዋጋ ይሰቅሉብኛል። ምን ልበላቸው?

ደሴ ላይ ይህ አይቀርም። ፒያሳ የሚባል ሰፈር ያለበት ከተማ ስለሆነ ያረጀ ነገር ሁሉ ለጣልያን ይሰጣል። ጣልያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፤ የለቀቀውም ሚያዝያ 1933 ዓ.ም.። አምስት ዓመት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የስልክ ገመድ ውስጡ ጎማ ወይም ጥጥ ነበር። ፕላስቲክ የስልክ ገመድ ውስጥ በሰፊው የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ የየሽቦውን ልብስ አይተህ ለስላሳ፣ ደማቅ ፕላስቲክ ከሆነ «አባባ፣ ይሄ ጣልያንን በዓይኑም አላየ» ማለት ትችላለህ፤ በትህትና።

ሌላው መረሳት የሌለበት ነገር፣ የገመዱ ዕድሜና የስልኩ ዕድሜ ለየቅል መሆናቸው ነው። ገመድ የሚያልቅ ዕቃ ነው። የስልክ ሠራተኛ መጥቶ ስልኩን ሳይነካ ገመዱን ብቻ ይቀይር ነበር። የ1930ዎቹ ኤሪክሰን የ1960ዎቹን ገመድ ይዞ ብታገኘው ማንም አላጭበረበረህም፤ ስልኩ ሠርቶበታል ማለት ነው። በእኔ ግምት እዚህ አካባቢ ቤት ውስጥ ያለው አብዛኛው ጥቁር ስልክ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1952 ከተቋቋመ በኋላ የገባ ነው። «የምኒልክ ስልክ» የሚባለውን ተወው። የመጀመሪያው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር ሥራ የተጀመረው በ1894 ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር፤ ያኔ በጣት የሚዞር ስልክ የለም።

ጫፉ ላይ ከባድ የነሐስ መሰኪያ ያለው ገመድ አገኘሁ። የምን ስልክ ነው?

የስልክ አይደለም፣ የኦፕሬተር ነው። ዱሮ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመደወል ስልኩን አንስተህ ኦፕሬተሯን «እባክሽ እንዲህ ቁጥር አገናኚኝ» ትላት ነበር፤ እሷ ከፊቷ ካለው ሰሌዳ ላይ መሰኪያውን ስባ ቀዳዳው ውስጥ ትከታለች። ያ ነው ይሄ። መሰኪያው ጫፉ፣ ወገቡና እግሩ በማይመራ ነገር የተለያዩ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ለዚህም ውስጡ ሦስት ሽቦ ነው። ጨርቁ ከቤት ስልክ ገመድ ጠጠር ያለ ነው፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛው ቀዳዳ ውስጥ ይወጣል ይገባል፣ ከሥሩ ደግሞ መዘውር ያለው ክብደት ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይስበዋል። ክብደቱ የሚሽከረከርበት ቦታ ጨርቁ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ የተላጨ ይመስላል። እንዲህ ያለ ካገኘህ ቆርጠህ የቤት ስልክ ላይ አትግጠመው። ሙሉውን ያገኘ ሰው ጥቂት ነው።

የተጠማዘዘው፣ እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጠውስ?

እሱ በአብዛኛው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው፣ ጨርቅ አይደለም። ከጨርቁ በኋላ የመጣ ነው። ስልክህ ላይ ካለ ተቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ገመዱ ተጣበቀ፤ ሌላው ደግሞ እንደ ፍርፋሪ ረገፈ። ለምን?

ሁለቱም የጎማ እርጅና ነው። ጎማ እንዲጠነክር ሰልፈር ይጨመርበታል። ሰልፈሩ ከመዳቡ ጋር ሲገናኝ መዳቡ ይጠቁራል፣ ጎማውም ይበላሻል። አንዱ ይቀልጣል፣ ሌላው ይደርቃል። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ብቻ የተለያዩ ቢሆኑም የአየራቸው ነገር ለየብቻ ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ጎማው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ይብሳል። ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ ጨርቁ ይሻግታል። ደሴ ላይ ስልኩን ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጉት። ኮምቦልቻ ላይ ከመስኮት።

ልጠበው?

በውኃ? በፍጹም። ውስጡ ጥጥ ነው፤ ውኃውን ይጠጣና ለቀናት ይይዘዋል፣ ብረቱም ይዝጋል። ቤንዚንም አይሆንም፤ ጎማውን ይበላዋል። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፍ። ከዚያ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይዘህ በአንድ አቅጣጫ ጥረግና ጥላ ውስጥ አድርቀው። ሻጋታ ከሆነ ውጭ አውጥተህ አራግፈው፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ።

ጫፉ ተበጣጥሷል። ቆርጬ በሊድ ልበይደው?

ቆይ። መጀመሪያ ፎቶ አንሳ፤ የትኛው ቀለም የትኛው ብሎን ላይ እንደነበረ በወረቀት ጻፍ። ብዙ ስልክ የሚበላሸው በእርጅና አይደለም፤ ፈትቶ መመለስ ባቃተው ሰው ነው።

ብየዳው ደግሞ ቲንሰል ላይ አይሠራም። የመበየጃው ካውያ ሲነካው ውስጡ ያለው ክር ይቃጠልና ጥብጣቡ ይላቀቃል። የሚሠራው ሌላ ነው፤ በጣም ቀጭን ራቁት የመዳብ ሽቦ ወስደህ ጫፉ ላይ ጥብቅ አድርገህ ትጠመጥማለህ፣ ከዚያ ብረቱን በፒንሳ ትቆነጥጥበታለህ። የዱሮው ብረት ካለህ ቀስ ብለህ ከፍተህ መልሰህ ተጠቀምበት።

ጨርቁ ከጫፉ እየተፈታ ከሆነ ናስትሮ አትጠቅልል። ሙጫው ይቀልጥና ጨርቁን ያበላሸዋል። የሸማኔ ድር ውሰድ፣ ጧፍ ላይ እየጎተትክ ሰም አስነካው፣ ጨርቁ ጫፍ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርገህ ጠምጥመህ የክሩን ጫፍ ከሥሩ ደብቀው። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በመልክም ያምራል።

ሲነገርበት ጆሮ ላይ ይንጫጫል። ገመዱ ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። መስመሩን ከግድግዳው ንቀል፤ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ፣ ሲደወል ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ያነዝርሃል። ከዚያ የገመዱን ሁለት ጫፍ ከስልኩ ፈትተህ ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ ላይ አድርግና አንዱን ቀለም በሁለቱም ጫፍ ያዝ። እየጮኸ ገመዱን ከእጀታው ሥር ቀስ ብለህ አወዛውዘው። ድምፁ ከተቆራረጠ እዚያ ላይ ጥብጣቡ ተበጥሷል። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚበጠሰው መግቢያው ላይ ነው፤ እጀታው ሥር ወይም ከስልኩ ሲወጣ። በተረፈ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ሲነኩ መጮህ የለበትም። ከጮኸ ውስጡ ተነካክቷል፣ ጎማው አልቋል ማለት ነው።

ያማረ ገመድ ነው፤ ለመብራት ልጠቀምበት?

አይሆንም! 220 ቮልት ላይ የቲንሰል ገመድ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ላዩ ጥጥ፣ ውስጡ ጥጥ፣ አንዳንዱም ሰም የነካው። ካፌ ውስጥ ለጌጥ የተንጠለጠለ መብራት ላይ የስልክ ገመድ ብታይ ባለቤቱን ጠርተህ ንገረው።

የት ልፈልግ?

ቆራሌዎች ጋ፣ ሰኞ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚዘረጉት ጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዱሮ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ። ጠጋኝ ምንም ነገር አይጥልም፤ የተሰበረ ስልክ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ጣሪያ ሥር ይገኛል። ስልኩ የተሰበረ ቢሆንም ገመዱ ደህና ከሆነ መግዛት ይሻላል፤ ብቻውን የሚሸጥ ገመድ አንዱ ጫፉ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ድርድር ላይ ገመዱን አታድንቅ። ስልኩን አድንቅ፣ በገመዱ ሰበብ ዋጋ አስቀንስ።

አዲስ ገመድ ከገጠምኩ የዱሮውን ልጣለው?

እንዳትጥለው። ቢበጠስም፣ ቢያስጠላም። ስልኩን ነገ ለልጅህ ብትሰጠው ወይም ብትሸጠው የገመዱ ጫፍ፣ ቀለሙና ብረቱ ነው የስልኩን አገርና ታሪክ የሚያስረዳው። ሳትቋጥር፣ ሳትጠመዝዝ ሰፋ አድርገህ ጠቅልለው፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተተው። ላስቲክ አይሁን፤ ያልበዋል። ፖስታው ላይ ከየትኛው ስልክ እንደወጣ ጻፍና ስልኩ ካለበት ቡፌ መሳቢያ ውስጥ አኑረው።